ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩባቸው ዓመታት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ አጠገቡ የቆመው ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ካያችሁ፣ ያ ሰው ወይ የእኔ ተማሪ ነው፣ ወይ የእኔ ተማሪ ያስተማረው ነው። ይህን ስል አላፍርም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትሕትና የሚባለውን ነገር ለወጣቶች ትቼዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረች ሽንኩርት ነጋዴ ስልኳን ልትከፍት ስትል፣ ከኋላዋ የቆመው የባጃጅ ሹፌር ዞር ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የትኛው ክፍል እንዳስተማርኩት አላስታውስም፤ እሱም አላወቀኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስሜ ተፈራ ነው። የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። «ነበርኩ» ማለቱን ገና አልለመድኩትም። የክፍሉን ቁልፍ ሳስረክብ የተካችኝ ወጣት መምህርት፣ ልጆቹ ጓደኛቸው ሲጽፍ ለምን እንደሚዞሩ፣ ማን እንዳስለመዳቸው ጠየቀችኝ። ቆሞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያነበውም አልጠላም።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ሲና ነው፤ ያኔ የማስተምረው ኮምፒውተር ሳይሆን የጽሕፈት መኪና ነበር። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ነጠላ ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴትዮ። እሳቸው በተማሪዎች መካከል ሲሄዱ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። ተማሪው ቢሳሳት፣ ቢያለቅስ፣ ወረቀቱ ቢጣበቅበት መኪናውን አይነኩለትም። «ምን አየህ?» ብለው ብቻ ይጠይቁታል። ልጁ ያየውን ሲናገር ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት እየሮጥኩ የሁሉንም አስተካክልላቸው ነበርና ጠሩኝና፣ አንተ ጥሩ አድርገህ እየተማርክ ነው፣ እነሱ ግን መቼ ነው የሚጀምሩት አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ወደ ኋላ ነው። እስከ ጡረታዬ ድረስ የተማሪ ማውስ አልያዝኩም።

ሌላው ልማዳቸው መዞር ነው። ተማሪ ከልምምዱ ወጥቶ የራሱን ነገር፣ ለምሳሌ ማመልከቻ ወይም ለቤተሰቡ የሚልከውን ወረቀት ሲጽፍ ካዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩና እስኪጨርስ ይቆማሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልጅ ሳሉ ያደጉበት ቤት ትልቅ ሰው ሲጠጣ ነጠላ ዘርግተው የሚጋርዱት እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝና፣ «ሰው ውኃ ሲጠጣ የሚጋረድለት፣ የልቡን ሲጽፍማ እንዴት አይጋረድለት?» አሉኝ። ያኔ የአሮጊት ወግ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት በየሥልጠናው ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስዛወር ኮምፒውተር መጥቷል፤ እኔም አጫጭር ኮርሶች ወስጄ የኮምፒውተር መምህር ተብያለሁ። ቁልቁለቱን ወርጄ ከአውቶቡስ ስወርድ ሹራቤን ያወለቅኩበትን ቦታ ዛሬም አሳያችኋለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ማሽኖቹ በሙቀት ራሳቸውን ያጠፋሉ። ክፍለ ጊዜዬን በሙሉ ወደ ጠዋት አመጣሁ፣ መስኮቶቹ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀልኩ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የፊደል ቁልፎቹን ስዬ ልጆቹን በጠመኔ አስመታኋቸው። ስለ ደመወዙና ስለ ዕድገቱ ደብዳቤ አላወራም፤ ሁለቱም ዘግይተው ነው የሚመጡት።

የመጀመሪያው ርእሰ መምህሬ ደግ ሰው ነበሩ። ከደግነታቸው ብዛት የትምህርት ቤቱን የቴሌግራም ቻናል የሚከፍተውን የይለፍ ቃል በትልልቅ ፊደል ጽፈው ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። እሳቸው በሌሉበት ሥራ እንዳይፈታ ብለው ነው። አንድ ጠዋት የፈተና ፕሮግራም የሚጠብቁ ወላጆች ቻናሉን ሲከፍቱ የሠርግ ጭፈራ ጠበቃቸው። ጭፈራው መጥፎ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን በዚያው ቀን ወረደ፣ እኔም ስለ ደኅንነት እንዳስተምር ተፈቀደልኝ።

አስተማርኩ፤ ደግሞም በደንብ አስተማርኩ። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ቤታቸው ባለው ስልክ የመጣውን የማታለያ መልእክት ገልብጠው ያመጣሉ። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል፣ «በስህተት የተላከልህን ቁጥር መልስልኝ» የሚል፣ በጓደኛ ስም ገንዘብ የሚለምን። እንደ ሥጋ እንበልተዋለን፤ ማነው የሚናገረው፣ ምን ይፈልጋል፣ ለምንድን ነው የሚያጣድፈው እያልን። የይለፍ ቃል ሲፈጥሩ የልደት ቀንና የእግር ኳስ ተጫዋች ስም ከለከልኩ፤ ቤታቸው ውስጥ እነሱ ብቻ ልብ ያሉትን ነገር አስበው ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዲያደርጉት አዘዝኩ። ሲጽፉ ጎረቤቱ ይዞራል፤ እኔም እዞራለሁ። ነጠላና ሽርጥ እየዘረጉ መጋረድ የጀመሩት ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱት። አንድም የእኔ ተማሪ አካውንት በሌባ እጅ ሳይገባ ዓመታት አለፉ፤ እኔም ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ዘሃራን የማነሣው እዚህ ላይ ነው። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ከእናቷ ጋር ወደ አጎቷ ወደ ሐጂ ይማም ቤት የመጣች ልጅ ናት። ሐጂ በወንዙ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ፣ መንገድ ላይ ሲያልፉ ባለ ሱቁ ሁሉ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። መስኖአቸው የሚጠጣበት ቦይ በየክረምቱ ይደረመሳል፣ በየበጋው እንደገና ይቆፈራል። ዘሃራ ይህን አይታ የመስኖ መሐንዲስ እሆናለሁ ብላ ተነሣች። ወረቀት ላይ የቦዩን ሥዕል እየሳለች ታመጣልኝ ነበር፤ ግማሹ አይገባኝም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ እንደ ልቧ ሆነ። የቀረው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በኢንተርኔት መሙላት ነው። ምርጫው እስኪዘጋ ድረስ ተማሪው ገብቶ መለወጥ ይችላል። በመስኖ ትምህርት የሚታወቀው ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ደቡብ ስለሆነ እሱን አንደኛ አደረገችው። በዚያ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር የሞላችው በአጎቷ ስልክ ነው፤ በቤቱ ያለው ዘመናዊ ስልክ እሱ ብቻ ነው። አምጥታ አሳየችኝ። የይለፍ ቃሏ ረጅም መሆኑን ጠየቅኳት፣ ነው አለችኝ፣ አመሰገንኳት።

ምደባው ሲወጣ ዘሃራ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጣች። በር ላይ ቆማ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የእኔ ምርጫ አይደለም» አለችኝ። የተመደበችው ቀረብ ያለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እዚያ እሷ የምትፈልገው ትምህርት የለም። እኔ ወዲያውኑ ሌባ ፍለጋ ተነሣሁ። አቤቱታ ጻፍን፤ ምርጫው በራሷ አካውንት በትክክል ገብቶ እንደተለወጠ የሚገልጽ አጭር መልስ መጣ። የይለፍ ቃሏን ለማንም አልተናገረችም። ማንም አልገመተውም። ያስተማርኳትን ሁሉ አድርጋለች።

ግራ ቢገባኝ ስልኩ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ጠየቅኳት። ሐጂ አንድ ቀን ወደ ብሩክ ሱቅ ይዘውት ሄደው ነበር አለች። ብሩክ በዋናው መንገድ ላይ ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው፤ የቀድሞ ተማሪዬ፣ በይለፍ ቃል ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የነበረ። ሄድኩ። ከመጠየቄ በፊት ገብቶታል፣ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሐጂ ናቸው የመጡት። የልጄን ምርጫ ቀረብ አድርግልኝ አሉኝ። ገጹ ክፍት ነበር፣ ምንም አልሰበርኩም» አለ።

የዘሃራ መሆኑን አላወቅህም ወይ አልኩት።

«አውቄያለሁ። አባቴ የሚነሣላቸውን ሰው ምን ብዬ ነው እምቢ የምላቸው? እሱን አላስተማሩኝም።»

ንዴቴ እስከ አፌ ደርሶ ነበር፤ ግን ዋጥኩት። እውነቱን ነው። እኔ ያስተማርኩት ሌባን መከላከል ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚኖሩት አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ በሆነበት ቤት፣ ማንኛውም ትልቅ ሰው ማንኛውንም ልጅ ጠርቶ በሚያዝበት ሰፈር ነው። ዘሃራ ሞልታ ስትጨርስ ከአካውንቷ ዘግታ አልወጣችም፣ ምክንያቱም በእኔ ክፍል እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ኮምፒውተር አለው፤ ዘግቶ መውጣትን እንደ ትንሽ ነገር በመጨረሻው ደቂቃ ነበር የማነሣው። ብሩክም እምቢ ማለትን የሚያውቀው ለማያውቀው ሰው ብቻ ነው። ቀበቶ በሌለበት ሱሪ ላይ ቁልፍ ስሰፋ የኖርኩ መሰለኝ።

ሐጂ ቤት ሄድኩ። በወግ ተቀበሉኝ፣ ጥላ ስር ምንጣፍ አስዘረጉልኝ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁኝ። ነገሩን ሳነሣ አልካዱም።

«ወላሂ መምህር፣ ለክፋት አይደለም» አሉኝ። «እናቷን ከአጣዬ ይዤ የመጣሁ እኔ ነኝ። መንገዱን አይቼዋለሁ። ይህችን ልጅ አውቶቡስ ላይ አስቀምጬ፣ ደረሰች አልደረሰች እያልኩ ስልክ ታቅፌ ማደር አቃተኝ።»

ምን ትላላችሁ? ሌባ ቢሆኑ እንዴት ቀላል ነበር። ከፈሩ ለምን ለእሷ እንዳልነገሯት ስጠይቃቸው መቁጠሪያቸውን አንሥተው መቁጠር ጀመሩ። ዘሃራ ውኃ ይዛ መጥታ ከጎናችን ቆማ ነበር። ጆጉን አስቀመጠችና፣

«አጎቴ፣ ቢጠይቁኝ እኮ እቀርልዎት ነበር» አለቻቸው።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተመልሳ ገባች። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው እጃቸው ቆመ። በሥራ ዘመኔ ሰው ሲሰደብ፣ ሲከሰስ፣ ሲባረር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ሲሰበር ግን አላየሁም። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ መሄድ ፈለግኩ።

ዘሃራ በተመደበችበት ሄደች። ሒሳብ አያያዝ ተማረች፣ ዛሬ ሥራ ይዛለች፣ ለኢድ ስትመጣ ሳትጠይቀኝ አትሄድም። ደህና ናት። ቦዩ ግን እስከ ዛሬ በየክረምቱ ይደረመሳል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ይህን ለማሳመር አልሞክርም። ተሸነፍኩ፣ ዋጋውን የከፈለችው ግን ልጅቷ ናት።

ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት፤ በዚህ ደግሞ እኮራለሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን አጠፋሁና ልጆቹን በቡድን አስቀምጬ ለየቡድኑ አንድ አሮጌ ስልክ ሰጠሁ። እየተቀባበሉ ይጠቀሙበታል፤ ቀጥሎ የተቀበለው ልጅ ከእሱ በፊት የነበረውን ሰው ገጽ ክፍት ካገኘው፣ ያኛው ቆሞ «ቤቴን ክፍት ትቼ ሄጃለሁ» ይላል። ስልኩ የይለፍ ቃሉን «ላስቀምጥልህ?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያው ለየነው። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ዘግቶ መውጣት እንደ እጅ መታጠብ ሆነ።

ከባዱ እምቢ ማለት ነው። ለማያውቁት ሰው እምቢ በሉ ማለት ማንም ይችላል። ለአባትህ ጓደኛስ? ለመስጊዱ ሽማግሌስ? ለነፍስ አባትህስ? እኔ ልጆቹን ባለጌ ላደርጋቸው አልፈልግም፤ ባለጌ ካደረግኳቸው ወላጆቹ ትምህርቱን በማግስቱ ያስቆሙታል፣ ልክም ናቸው። ስለዚህ ብሩክን ጠርቼ አብረን አሰብን። ጥፋቱን ያውቃልና ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ስልኩን ከትልቁ ሰው እጅ ተነሥተህ በሁለት እጅህ ትቀበላለህ። አትከፍተውም። በሁለት እጅህ መልሰህ ትሰጣለህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ «አባቴ፣ ባለቤቷ ስትመጣ አብረን እንከፍተዋለን» ትላለህ። አከበርካቸው፣ ግን አልታዘዝክም። ብሩክ እኔ ፊት ሲለማመድ ላብ አጠመቀው።

ለክፍሉ ግን እውነተኛ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ እኔን ልጆቹ ለምደውኛል። ብዙ አስቤ ሐጂ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ልጆቹን እንዲያዙልኝ፣ እንዲጫኗቸው፣ እነሱም እምቢ እንዲሏቸው ነገርኳቸው። 

«በእኔ ልትማሩብኝ ነው» አሉ።

«አዎ ሐጂ» አልኳቸው። «ከአንቱ የተሻለ የለም።»

መጡ። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አንዱን ጎረምሳ ጠሩና «ና እስቲ፣ የእህትህን ነገር ክፈትልኝ» አሉት። የመጀመሪያው ከፈተላቸው። ሁለተኛው ሳቀና ወጥቶ ሮጠ። ሦስተኛዋ ልጅ ተነሣች፣ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ በሁለት እጇ መለሰች፣ ቃሉንም ተናገረች። ሐጂ እንደዚህ አይነት ተዋናይ መሆናቸውን ማን ያውቃል? «አባትሽን አውቀዋለሁ እኮ፣ ያሳደግነው እኛ ነን» እያሉ ተጫኗት። ልጅቷ ደገመችው። ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ጎንበስ አሉና ራሷን ሳሟት።  ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሳልጠራቸው ይመጡ ነበር፤ አንዳንዴም ልጆቹ ቶሎ እምቢ ሲሉ ቅር ይላቸዋል፣ ትንሽ እንዲጫወቱ ይፈልጋሉ።

ቁልፉን ካስረከብኩ በኋላ በነበረው የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሰሞን የስልኬን መስታወት ላስቀይር ብሩክ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ሐጂ ከመጨረሻ ልጃቸው ከሰሚራ ጋር ገቡ። ቤታቸው ኔትወርክ አልሠራ ብሎ ነው። የእሷም ተራ ደርሷል፣ የምትሞላው በዚያው በአባቷ ስልክ ነው። ስልኩን ሰጧትና ማንም ሳይነግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም ዞርኩ። ብሩክም መፍቻውን እንደያዘ ዞረ። ሦስታችን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የስልክ ሽፋን ማስታወቂያ እያነበብን ቆምን፤ ከኋላችን የልጅቷ ጣት ብቻ ይሰማል።

የት እንደምትሄድ ነግራቸው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«ፍርሃቴን ነግሬያታለሁ» አሉኝ። «ሌላው የእሷ ነው።»

ማስታወቂያውን ከላይ ጀምረው እንደገና ማንበብ ያዙ። 

«ጨረስኩ አባ» አለች ሰሚራ።

ብሩክና እኔ ዞርን። ሐጂ አልዞሩም።

«ዘግተሽ ወጥተሻል?» አሏት፣ ግድግዳውን እያዩ።

 ከዚያ ጣቷ አንድ ጊዜ ስልኩን ሲነካ ተሰማ።

«አሁን ወጣሁ» አለች።

ሐጂ ያን ጊዜ ዞሩና ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።